የሐረጎ ቁልቁለትና የፍሬን ምርጫ፦ ለአሮጌ መኪና ዲስክና ሸራ ስለ መምረጥ



የዛሬው ርእስ ከዚህ መድረክ ይልቅ ለጋራዥ ደጃፍ የሚስማማ የሚመስላቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንድ ባልደረባዬ ርእሱን እንደ ሰማ «የፍሬን ሸራም ሌክቸር ይሆናል እንዴ?» ሲል ቀልዶብኛል። መልሴ «አዎን፣ ይሆናል» የሚል ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ሕይወቱን በሁለት ነገሮች ላይ ጥሎ ነው የሚጓዘው፤ ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ ሸራና ከአውራ ጣት በማይወፍር የብረት ዲስክ ላይ። እነዚህን ሁለቱን ማን፣ በምን መመዘኛ እንደሚመርጣቸው መጠየቅ የምሕንድስና ጥያቄ ነው። ከዚያም አልፎ የኀላፊነት ጥያቄ ነው።

መነሻ፦ የራሴ ጥፋት

ንግግሬን በሌላ ሰው ስሕተት ብጀምር ይቀለኝ ነበር። የማውቀው ግን የራሴን ስለሆነ በእርሱ እጀምራለሁ።

ነገሩ ከሆነ ዐሥር ዓመት አልፎታል። በዚያን ጊዜ የማሽከረክራት መኪና በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ነበረች፤ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ያላት። ፍሬን ስይዝ መሪዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኋትና መካኒኩ ሁለት አማራጭ አቀረበልኝ፤ አዲስ ዲስክ መግዛት፣ ወይም አሮጌውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ። ሁለተኛው ርካሽ ነበርና እርሱን መረጥሁ። ሸራውንም በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ካሉት ሁሉ ዋጋው ዝቅ ያለውን አነሣሁ። ሻጩ «ሁሉም ያው ነው፤ ልዩነቱ ካርቶኑ ነው» አለኝ። ማመን ስለ ፈለግሁ አመንሁት።

ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ፣ ሜዳው ላይ፣ መኪናዋ እንደ አዲስ ትይዝ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ ነዳኋት። ከዚያ አንድ ቀን ታላቅ እኅቴንና ሁለት ጎረቤቶቻችንን ይዤ ደሴ ለቅሶ ደረስንና ወደ ማታ ተመለስን። ከኋላ ግማሽ ኩንታል ስንዴ ጭነናል። ሐረጎን መውረድ ስንጀምር ከፊታችን አንድ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ቀስ ብሎ ይወርዳል። እኔም በሦስተኛ ማርሽ፣ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ሳላነሣ ተከተልሁት።

በመጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ። ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ረገጥሁት፤ መኪናዋ ግን ፍጥነቷን አልቀነሰችም። እኅቴ ከጎኔ ሆና «ምነው ወንድሜ፣ ፍሬኑን ረሳኸው እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ አወረድሁ፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ እየሳብሁ፣ በተራራው በኩል የመንገዱ ዳር ሰፋ ካለበት ቦታ ስደርስ አስጠግቼ አቆምኋት። ማንም አልተጎዳም። ወርደን ስናይ ከሁለቱም የፊት ጎማዎች ጭስ ይወጣል። አንደኛዋ ጎረቤታችን ዱዓ፣ እኅቴም ጸሎቷን እስክትጨርስ ድረስ ማናችንም ቃል አልተናገርንም።

ልብ በሉ፤ እኔ በዚያን ጊዜ የሙቀት ሽግግር የተባለውን ትምህርት ዐሥራ አምስት ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነበርሁ። በማግስቱ ጎማዎቹን ፈትቼ ዲስኮቹን ለካኋቸው። ሲመረቱ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት የነበራቸው ናቸው። አምራቹ ከ16 ሚሊ ሜትር በታች እንዳይወርዱ ሲል በራሱ በብረቱ ጠርዝ ላይ ቀርጾበታል። የእኔዎቹ 15.2 ነበሩ። ቁጥሩ ከዓይኔ ሥር ተቀርጾ ሳለ አላነበብሁትም። ተማሪ ቢሆን ኖሮ በዚህ መልስ አላሳልፈውም ነበር።

ቁልቁለቱ ከፍሬን ምን ይጠይቃል?

ፍሬን መኪናን «የሚያቆም» ዕቃ ነው ብለን እንናገራለን። በፊዚክስ ቋንቋ ግን ፍሬን ማለት የእንቅስቃሴን ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ፣ ያንን ሙቀት ለጊዜው ብረት ውስጥ አከማችቶ፣ ከዚያ ለአየር የሚያስረክብ ምድጃ ነው። ሸራው ሙቀቱን ይፈጥራል፤ ዲስኩ ያከማቻል፤ አየሩ ይረከባል። ከሦስቱ አንዱ ሥራውን ካልሠራ ሌሎቹ ሁለቱ አያድኑንም።

አሁን ይህንን ወደ መንገዳችን እናምጣው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ከእርሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ልዩነት በ25ቱ ኪሎ ሜትር ላይ እኩል ቢከፋፈል ኖሮ ቁልቁለቱ መለስተኛ በሆነ ነበር። ግን እኩል አልተከፋፈለም፤ ከፍሬን ብዙ የሚጠይቀው ክፍል በሐረጎ ጥምዝምዞች ላይ ተሰብስቧል።

አራት ሰውና ጥቂት ጭነት የያዘች አነስተኛ መኪና 1,400 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። ይህች መኪና 100 ሜትር ዝቅ ባለች ቁጥር ወደ 1.4 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ እምቅ ጉልበት ትለቃለች። 7 በመቶ በሆነ ቁልቁለት ላይ በዝግታ ስትወርድ፣ ከዚህ ሩብ ያህሉን የጎማው መንከባለልና የአየሩ ተቃውሞ ይወስዱታል። የቀረው አንድ ሚሊዮን ጁል ወይ በሞተሩ ወይ በፍሬኑ መዋጥ አለበት። ሾፌሩ ማርሽ ካላወረደ አብዛኛው ለፍሬኑ ይቀራል። ከፍሬኑም ሥራ ትልቁ ድርሻ የፊት ጎማዎች ነው፤ 70 በመቶ እንበል። የሁለቱ የፊት ዲስኮች የሚሞቀው ክፍል በድምሩ 8 ኪሎ ግራም ብረት ቢሆን፣ ይህ ሁሉ ጉልበት የዲስኮቹን ሙቀት 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ይህ ለ100 ሜትር ቁልቁለት ብቻ ነው። በእርግጥ አየሩ እየነፈሰ ከሙቀቱ የተወሰነውን ይወስዳል። ነገር ግን እግር ከፔዳሉ ካልተነሣ፣ አየሩ ከሚያወጣው ይልቅ ሸራው የሚያስገባው ይበልጣል።

ስሌቱን በእኔ ዲስኮች እንድገመው። ዲስኮቼ በመሐላቸው የአየር መተላለፊያ ያላቸው፣ ማለትም ሁለት «ጉንጭ» ያላቸው ነበሩ። እያንዳንዱ ጉንጭ አዲስ ሳለ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ከጠቅላላው ውፍረት 2.8 ሚሊ ሜትር ሲቀነስ ከ18ቱ ሲሰላ ዐሥራ ስድስት በመቶ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን መሐሉ ክፍት ነው፤ የተላጠው ከጉንጮቹ ነው። እያንዳንዱ ጉንጭ 1.4 ሚሊ ሜትር አጥቷል፤ ይኸውም ሙቀት ከሚያከማቸው ብረት ከሩብ በላይ ማለት ነው። 8 ኪሎው 6 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ 180 ዲግሪውም 240 ይሆናል። ዝቅተኛው ውፍረት በዲስኩ ላይ የሚቀረጸው ለዚህ ነው፤ አምራቹ ደንበኛውን አዲስ ዕቃ ለማስገዛት ያወጣው ዘዴ አይደለም።

ከፍታችንም የራሱ ድርሻ አለው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ዲስኩን የማቀዝቀዝ ዐቅሙ ያንሳል። የእግራችንን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጭው የአየር ግፊትና በውስጡ ባለው ክፍተት ልዩነት ነው። የውጭው ግፊት ደሴ ላይ ሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ ግፊቱን ከሞተሩ የሚያገኝ የቤንዚን መኪና ሰርቮ እገዛው ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ «በቂ ነው» የተባለ ሸራ ለእኛ መንገድ በቂ ነው ማለት አይደለም።

ዲስክ ስንመርጥ

የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «የዚህች መኪና ነው ወይ?» የሚለው መሆን አለበት። አገራችን ያሉት አሮጌ መኪኖች አንዳንዶቹ ከጃፓን፣ አንዳንዶቹ ከአውሮፓ፣ ሌሎቹ ከዐረብ አገሮች ገበያ የመጡ ናቸው። ስማቸውና የተሠሩበት ዓመት አንድ ሆኖ ዲስካቸው ሊለያይ ይችላል። አንዱ ድፍን፣ ሌላው አየር የሚያስተላልፍ ሊሆን ይችላል። ዲያሜትሩ፣ የመካከሉ ቀዳዳ ስፋት፣ የቡሎኑ ብዛትና የዲስኩ ቁመት ሁሉ መመሳሰል አለባቸው። ስለዚህ ወደ መደብር ስትሄዱ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ጽፋችሁ፣ የተቻለም እንደሆነ አሮጌውን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። «የኮሮላ ስጠኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው ልኬት ነው። የተበላ ዲስክ በጠርዙ ላይ ያልተበላ ከንፈር ይተርፈዋል። ቬርኒየር ካሊፐር በቀጥታ ስናስገባ የምንለካው ከንፈሩን እንጂ የተበላውን ክፍል አይደለም። ማይክሮ ሜትር የሌለው ሰው ቀላል ዘዴ አለው። ሁለት አንድ ዓይነት የአንድ ብር ሳንቲም ከዲስኩ ግራና ቀኝ፣ ከከንፈሩ ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ ይዞ ሁሉንም አንድ ላይ ይለካል፤ ከዚያ የሁለቱን ሳንቲሞች ውፍረት ይቀንሳል። ዙሪያውን በተለያየ ቦታ ደጋግሞ መለካት ይገባል። ትንሿ ቁጥር ናት ፍርዱን የምትሰጠው።

ሦስተኛው የቶርኖ ጉዳይ ነው። ዲስክ ማስላጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ከተላጠ በኋላ የሚቀረውን አስቀድሞ አለማስላት ነው። ዲስኩ 17 ሚሊ ሜትር ቀርቶት፣ ጠባሳውን ለማጥፋት ከእያንዳንዱ ወገን 0.3 ቢነሣ 16.4 ይቀራል። ወሰኑ 16 ከሆነ ይህ ይፈቀዳል፤ ግን ለቀጣዩ ሸራ ዕድሜ የሚተርፍ ብረት እንደሌለው ማወቅ ያስፈልጋል። ከወሰኑ በታች የሚያወርድ ከሆነ የቶርኖ ባለሙያው «አልሠራም» ማለት አለበት። ይህን የሚል ባለሙያ ካገኛችሁ አትቀየሙት፤ ደንበኛው ሁኑ።

አራተኛው፣ አዲሱንም ዲስክ መመርመር ነው። አዲስ መሆኑ ደኅና መሆኑን አያረጋግጥም። ከዋናው ዲስክ ጋር በሚዛን አስተያዩት። ልኩ አንድ ሆኖ ክብደቱ በጉልህ የሚያንስ ከሆነ፣ ብረቱ የሆነ ቦታ ተቆጥቦበታል ማለት ነው። ዝቅተኛው ውፍረት ያልተቀረጸበትን ዲስክ በጥርጣሬ ተመልከቱት። ቀዳዳ የተበሳባቸው ለዓይን የሚያምሩ ዲስኮችም አሉ። ለእኛ አሮጌ መኪኖች ጥቅማቸው አነስተኛ ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹ የስንጥቅ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ገንዘብ የተሻለ ሸራ ይገዛል።

አምስተኛው አገጣጠሙ ነው። ዲስክና ሸራ ሁልጊዜ በግራና በቀኝ በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ዲስኩ የሚያርፍበት የቸርኬው መቀመጫ ላይ ያለው ዝገት ተፍቆ መውጣት አለበት። ከዝገቱ የተነሣ የሚመጣ ትንሽ መዛነፍ በዲስኩ ጠርዝ ላይ ይጎላል። አብዛኞቹ አምራቾች የሚፈቅዱት መዛነፍ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የእኔ መሪ ይንቀጠቀጥ የነበረው ምናልባት በዚህ ዝገት ይሆናል፤ ያለ ምክንያት ብረት አስላጥሁ ማለት ነው። አዲስ ዲስክ ከዝገት እንዲጠበቅ ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣም፣ ከመገጠሙ በፊት በሚገባ መታጠብ ይኖርበታል።

ሸራ ስንመርጥ

ስለ ሸራ «ጠንካራው ይሻላል» የሚሉ አሉ፤ «ለስላሳው ይሻላል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ጥያቄውን በሙሉ አልጠየቁም። ዋናው ጥያቄ «ሲግል እንዴት ነው?» የሚለው ነው።

የዲስክ ሸራዎች በጥቅሉ በሦስት ይመደባሉ። የመጀመሪያው ከልዩ ልዩ ጭረቶችና ሙጫ የሚሠራው፣ ብረት የሌለበት ወይም ጥቂት ብረት ያለበት ዓይነት ነው። ድምፅ አያሰማም፤ ዲስክ አይጎዳም፤ በቀዝቃዛነቱም ቶሎ ይይዛል። ነገር ግን ርካሽ የሆነው ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሲያልፍ ሙጫው መበስበስ ይጀምራል። ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ በሸራውና በዲስኩ መካከል ይገባና ሰበቃው ይወድቃል። ፔዳሉ ጠጥሮ መኪናው የማይቆመው ያን ጊዜ ነው። እኔን ያጋጠመኝ ይኸው ነው። ሁለተኛው የብረት ጭረት በብዛት የተቀላቀለበት ነው። ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል፤ በአንጻሩ ዲስክን ቶሎ ሊበላና ሊጮህ ይችላል። ሦስተኛው ሴራሚክ የሚባለው ነው። ጸጥተኛና አቧራው ጥቂት ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ቀላል የከተማ መኪና ሆኖ ሐረጎን በየቀኑ የሚወርድ ከሆነ፣ ከታወቀ አምራች የመጣ ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ወይም ሙቀት የሚቋቋም ጥሩ የመጀመሪያው ዓይነት ይበቃዋል።

«ሲግል እንዴት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ትሉኝ ይሆናል። በብዙ ሸራዎች ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ ከሌሎች ቁጥሮች ቀጥሎ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታተማሉ። በአሜሪካኖቹ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር አሠራር መሠረት የመጀመሪያው ፊደል የሸራውን የሰበቃ ቁጥር በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ በጋለ ጊዜ ያመለክታል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ማለት ነው። «ኤፍ ኤፍ» የተጻፈበት ሸራ በሁለቱም ሁኔታ በአንድ ደረጃ የሚቆይ ነው። «ኤፍ ኢ» ከሆነ ግን ሲግል ይደክማል። ለሜዳ ከተማ ግድ ላይሰጥ ይችላል፤ ለሐረጎ ግን ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ይበልጣል። ፊደሎቹ ስለ ሸራው ዕድሜ ምንም እንደማይናገሩም አስታውሱ።

ሌላው ምልክት በክብ ውስጥ ያለ «ኢ» ፊደልና ከአጠገቡ ያለ ቁጥር ሆኖ፣ «90» የሚል ቁጥር የሚከተለው ነው። ይህ የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 90 ምልክት ነው። ምትክ ሸራው ከመኪናው ዋና ሸራ ጋር ተነጻጽሮ፣ አሠራሩ ከ15 በመቶ በላይ እንደማይለይ በፈተና ታይቷል ማለት ነው። ምልክት ሊሰረቅ እንደሚችል አልክድም። ስለዚህ ካርቶኑን ብቻ ሳይሆን ሸራውን ራሱን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ጽሑፉ በብረቱ ላይ በግልጽ አለ ወይ? ሸራው ከብረት ጀርባው ጋር ያለ ክፍተት ተጣብቋል ወይ? ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለበት ወይ? አራቱም ሸራዎች ውፍረታቸው እኩል ነው ወይ? ሻጩ ካርቶኑን ለመክፈት ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

አሮጌውን ብረት ጠብቆ አዲስ ሸራ በሙጫ የመለጠፍ ልማድም አለ። ለትላልቅ መኪኖች ታምቡር ሸራን በሚስማር መምታት የቆየና የታወቀ ሥራ ነው። የዲስክ ሸራ ግን በፋብሪካ የሚጣበቀው በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ነው። በእጅ የተለጠፈ የዲስክ ሸራ ሲግል ከብረቱ ሊላቀቅ ይችላልና ይህን አታድርጉ።

ወጣት መካኒኮቻችን ደግሞ አንድ ነገር ስሙኝ። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ አቧራውም ከዓመታት በኋላ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። የፍሬን አቧራን በኮምፕረሰር አየር አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

አብረው የሚታዩ ነገሮች

ጥሩ ዲስክና ጥሩ ሸራ በታመመ ፍሬን ላይ ቢገጠሙ ሥራቸውን አይሠሩም። ሸራውን የሚይዘው ካሊፐር በሚንሸራተትባቸው ፒኖች ላይ ከደረቀ አንዱ ሸራ ያልቃል፤ ሌላው እንደ አዲስ ይቀራል። ስለዚህ አሮጌው ሸራ ሲወጣ የውስጡንና የውጩን አስተያዩ። የተሰነጠቁ የጎማ ቱቦዎችን ለውጡ። የኋላ ታምቡር ሸራዎች ካልተስተካከሉም የፊቶቹ ከድርሻቸው በላይ ይሸከማሉ።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው የፍሬን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። «ዶት 3» የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። «ዶት 4» ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ይጨመቃልና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ሸራ ሲደክም ፔዳሉ ይጠጥራል፤ ዘይት ሲፈላ ፔዳሉ ይሰምጣል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሾፌር የቱን እንደሚጠግን ያውቃል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ከፍሬን ወጪዎች ሁሉ ትንሹ ነው።

አዲስ ሸራና ዲስክ ከተገጠመም በኋላ መላመድ አለባቸው። በቀጥታ ወደ ሐረጎ አትውሰዱት። ሜዳ መንገድ ላይ ሰው በሌለበት፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 10 በመለስተኛ ኃይል ዐሥር ጊዜ ያህል አብርዱት። በየመካከሉ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ስጡት፤ በጋለ ጊዜ ረግጣችሁ አትቁሙ። ቁልቁለት ስትወርዱ ደግሞ የድሮ ሾፌሮች ምክር ዛሬም ይሠራል፤ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። ከላይ በሠራነው ስሌት፣ ሞተሩ የሚውጠው እያንዳንዱ ጁል ዲስኩ ውስጥ የማይገባ ጁል ነው።

ስለ ገንዘብ

አሁን ሳልመልሰው ማለፍ ወደማልችለው ጥያቄ እመጣለሁ። ይህን ጉዳይ ሳጫውተው አንድ የታክሲ ባለቤት «ዶክተር፣ እርስዎ ዲስክ ሲሉ ለእኔ የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው የሚታየኝ» ብሎኛል። ትክክል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የእነዚህ ውሳኔዎች ትርጉም ምንም ይሁን ምን፣ አሁን በመንገዳችን ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ ማለት ነው። የምናወራው እንግዲህ በቅርቡ ስለሚጠፋ ችግር አይደለም።

ለዚያ ሰው የሰጠሁት መልስ ቅደም ተከተል ነበር። አንደኛ፣ ለካ፤ መለካት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከወሰኑ በላይ ያለ ጤነኛ ዲስክ ከሆነ አዲስ መግዛት የለብህም። ሁለተኛ፣ ዘይቱን ለውጥ። ሦስተኛ፣ ከሸራዎች መካከል በጣም ውዱን ሳይሆን ሁለተኛው ፊደሉ የማይወርደውን ምረጥ። አራተኛ፣ ዲስኩ ከወሰኑ በታች ከሆነና ገንዘቡ ለጊዜው ከሌለ፣ እስኪገኝ ድረስ ሐረጎን አትውረድ። ይህ የመጨረሻው ቃል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የአንድ ሳምንት ገቢ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከዚህ የቀለለ እውነተኛ መልስ የለኝም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኔ ርካሹን ሸራ ስመርጥ ያተረፍሁት ገንዘብ የእኔ ነበር። አደጋውን ግን ለእኅቴና ለሁለት ጎረቤቶቼ አካፈልሁ። እነርሱ ከመደብሩ ፊት አልነበሩም፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው የዲስኩን ውፍረት ማየት አይችልም፤ ሾፌሩንና መካኒኩን አምኖ ብቻ ነው የሚሳፈረው። ስለዚህ ከሻጩ ፊት ቆመን «ያው ነው» የሚለውን ቃል ስንቀበል፣ በሌሎች ሰዎች ስም እየተቀበልን እንደሆነ ማስታወስ ይገባናል።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ እናንተ ከዚህ ግቢ ወጥታችሁ ትላልቅ ፋብሪካዎች ውስጥ ትሠሩ ይሆናል። እስከዚያው ግን በላቦራቶሪያችን ውስጥ ቬርኒየርና ማይክሮ ሜትር አለ፤ ከግቢው በር ውጭ ደግሞ ያልተለኩ ዲስኮች በየቀኑ ሐረጎን ይወርዳሉ። ሁለቱን ማገናኘት ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ፈቃደኛ የሆናችሁ በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት የማንንም ሰው ዲስክ በነፃ ለክታችሁ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ብትሰጡት፣ ከጎናችሁ ለመቆም ዝግጁ ነኝ። ከመካኒኮቻችንም የምለምነው አንድ ነገር ነው። አሮጌውን ዲስክ ስታወጡ የለካችሁትን ለባለቤቱ አሳዩት፤ ቁጥሩን ካየ በኋላ የሚያደርገው ምርጫ ቢያንስ ዐውቆ የመረጠው ይሆናል።

እኅቴ ዛሬም ከእኔ ጋር ከደሴ ስትወርድ፣ ሐረጎ ላይ ስንደርስ ቀበቶዋን ጠበቅ ታደርግና «ለካኸው?» ትለኛለች። «ለክቼዋለሁ፣ እትዬ» እላታለሁ። ይህን መልስ በእውነት መስጠት መቻል ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለእናንተም ይሁንላችሁ።